ጀልባውን የሚመርጠው መኪናችሁ ነው

ጥያቄው፦ «ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ሦስት ጓደኛሞች ነን። ዓሣ ማጥመድ እንወዳለን። እስከ ዛሬ ዝዋይና ላንጋኖ እየወረድን የሰው ጀልባ ስንከራይ ቆየን። አሁን ተዋጥተን የራሳችንን ልንገዛ ነው። ዩቲዩብ ላይ የምናየው ሴንተር ኮንሶል የሚባለው ዓይነት፣ 6 ሜትር፣ ባለ 115 የፈረስ ጉልበት፣ ከነተጎታቹ ዱባይ ውስጥ ያገለገለ አግኝተናል። መኪናዬ የ2008 ሞዴል ራቭ ፎር ነው። በዓመት አንዴ አርባ ምንጭ ድረስ ይዘነው ለመሄድ እናስባለን። አንዱ ጓደኛችን ‹ሞተሩ ትልቅ ሲሆን ለደኅንነትም ይሻላል› ይላል። ገንዘባችን ብዙ አይደለም። እዚሁ በላሜራ ማሠራትስ አያዋጣም ወይ?»

ባለ 6 ሜትሩን አትግዙት። ጀልባው መጥፎ ሆኖ አይደለም። ለሌላ ውሃ፣ ለሌላ መኪናና ለሌላ ግቢ የተሠራ ነው። ጥያቄያችሁ ውስጥ ስለ ጀልባው ብዙ ተጽፏል። ስለ መኪናው አንድ መስመር አለ። የት እንደሚያድር ግን አንድም ቃል የለም። እኔ ጋ የሚመጣው ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚጀምረው፤ መጀመሪያ ጀልባ ይወዳል፣ መኪናውን በኋላ ያስባል።

እስቲ ሚዛን ላይ እናውጣው። 6 ሜትር ርዝመት ያለው የፋይበር ግላስ ጀልባ ባዶውን ከ850 እስከ 1,000 ኪሎ ይመዝናል። 115 የፈረስ ጉልበት ያለው ፎር ስትሮክ ሞተር 175 ኪሎ ገደማ ነው። 150 ሊትር ቤንዚን 110 ኪሎ ይጨምራል። ባትሪው፣ መልህቁ፣ ገመዱ፣ የበረዶ ሣጥኑና የማጥመጃ ዕቃው 100 ኪሎ ቢሆን አይገርምም። ተጎታቹ ራሱ ከ350 ኪሎ አያንስም። ተደምሮ ከ1,600 እስከ 1,700 ኪሎ ይመጣል። ሻጭ የሚነግራችሁ ቁጥር ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ያለ ሞተር፣ ያለ ነዳጅ፣ ያለ ተጎታች። ስለዚህ «ስንት ኪሎ ነው?» ብላችሁ ስትጠይቁ «ምን ምን ተቆጥሮ?» ብላችሁ አስከትሉ።

አሁን ወደ ራቭ ፎሩ። የመኪናችሁ የመጎተት አቅም የሚወሰነው በስሙ ብቻ አይደለም፤ ለየትኛው ገበያ እንደወጣም ይወስነዋል። የዚያ ዘመን ባለ 4 ሲሊንደር ራቭ ፎር ለአሜሪካ የወጣው 680 ኪሎ ገደማ ነው የሚፈቀድለት። ለአውሮፓ የወጣው ደግሞ ፍሬን ያለው ተጎታች ከሆነ እስከ 1,500 ኪሎ። የእኛ አገር መኪኖች ከየአቅጣጫው ስለሚገቡ የሰፈር ሰው የነገራችሁን ትታችሁ የመኪናውን መጽሐፍ ወይም በሩ ላይ ያለውን ሰሌዳ እዩ። ትልቁን ቁጥር ብታገኙም ገና አልጨረስንም። እነዚህ ቁጥሮች ለባሕር ጠረፍ የተሰጡ ናቸው። ብዙ አምራቾች ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር 10 በመቶ ቀንሱ ይላሉ። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ላይ ናት። 1,500 የነበረው ወደ 1,150 ይወርዳል ማለት ነው። 1,700 ኪሎ አስራችሁ ከዝዋይ ወደ አዲስ አበባ 700 ሜትር ሽቅብ ለመውጣት ማሰብ መቀለድ ነው። ሽቅቡስ ቢሆን ቢበዛ ሞተር ያግላል። የሚያስፈራኝ ቁልቁለቱ ነው። ፍሬኑ ሲግል መኪናው አይቆምም፤ ተጎታቹ ከኋላ ይገፋዋል።

«ፒክአፕ ብንበደርስ?» ትሉ ይሆናል። ደህና የተያዘ ሃይሉክስ ወይም ፕራዶ ይህን ክብደት ይጎትታል። ግን በየሳምንቱ የሰው ሃይሉክስ እየለመናችሁ ዓሣ አታጠምዱም። በኤሌክትሪክ መኪና ስለመጎተትም ሰሞኑን በተደጋጋሚ ስለምጠየቅ አንድ ነገር ብዬ ልለፍ። አሁን ከተማውን ከሞሉት የኤሌክትሪክ መኪኖች ብዙዎቹ መጎተት ጭራሽ አልተፈቀደላቸውም። የተፈቀደለትም ቢሆን ጀልባ ሲጎትት በአንድ ቻርጅ የሚሄደው ርቀት ወደ ግማሽ ይወርዳል። ሄዳችሁ ለመመለስ አይበቃችሁም።

ስለ ሴንተር ኮንሶል ራሱ ያላችሁ ግንዛቤም ትንሽ መስተካከል አለበት። ይህ ዓይነት ጀልባ ጓዳ የለውም። መሪው መሐል ላይ ቆሟል፤ ዙሪያውን መራመድ ይቻላል። የተፈለሰፈው ባሕር ላይ ትልቅ ዓሣ የያዘ ሰው ገመዱን እንደያዘ ከጀልባው አፍንጫ እስከ ኋላው እየተከተለ እንዲዞር ነው። ሆዱ ጥልቅ ቪ የሆነውም፣ ማለትም እንደ V ፊደል ወደ ታች የሾለው፣ የውቅያኖስ ማዕበል እንዲሰነጥቅ ነው። እዚያ ተወዳዳሪ የለውም። ለእናንተ በሚሆነው 4 ሜትር ተኩል ገደማ ጀልባ ላይ ግን ያ መሐል ላይ የቆመ ሣጥን ቦታችሁን ይበላዋል። ሦስት ሰው ዘንግ ሲወረውር እርስ በርስ ትነካካላችሁ። በትንሽ ጀልባ ላይ መሪው ወደ አንድ ጎን ቢሆን፣ ወይም ጭራሽ ሞተሩን በእጀታው መንዳት፣ ይበልጥ ይመቻል። ዩቲዩብ ላይ አያምርም፤ ሐይቅ ላይ ግን ይሠራል።

ውሃዎቹን ደግሞ ታውቋቸዋላችሁ፤ ግን እንደ ተሳፋሪ ነው የምታውቋቸው። ዝዋይ ሰፊ ቢሆንም ጥልቀቱ በአማካይ 2 ሜትር ተኩል አካባቢ ነው። ዳር ዳሩን ቄጠማና ጭቃ ነው። ላንጋኖ ከ40 ሜትር በላይ ይጠልቃል፤ ውሃው ደለል የበዛበት ቡናማ ነው። ጫሞና አባያም ለስፋታቸው ጥልቅ አይደሉም። የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ጠባይ አንድ ነው፤ ጠዋት መስተዋት፣ ከሰዓት ነፋስ። ውሃው ጥልቀት ሲያንሰው ነፋሱ የሚያስነሳው ማዕበል አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል። አንዱን ሳትጨርሱ ሌላው ይመጣል። ለዚህ የሚሆነው ጥልቅ ቪ አይደለም፤ ጭቃ ዳር ለመጠጋት ያስቸግራል። ጠፍጣፋ ሆድም አይደለም፤ ወገብ ይሰብራል። ፊት ለፊቱ ሹል ሆኖ ወደ ኋላ እየተዘረጋ የሚሄድ፣ መካከለኛ ቪ ያለው ሆድ ፈልጉ። ጎኑ ከፍ ያለ ይሁን።

ደግሞ ማስገቢያውን አስቡ። በፊልሙ ላይ መኪናው በሲሚንቶ መንሸራተቻ ወደ ኋላ ይገባል፣ ጀልባው ይንሳፈፋል፣ አለቀ። እኛ ጋ አብዛኛው ዳርቻ አሸዋና ጭቃ ነው። ቶን ተኩል ጀልባ እዚያ ካስገባችሁ የምታወጡት በትራክተር ነው። 200 ኪሎ የአሉሚኒየም ጀልባ ግን ሦስታችሁና የአካባቢው ሁለት ልጆች ሆ ብላችሁ ትገፉታላችሁ።

አሁን ከፍታውንና ሞተሩን ላንሳ። ጓደኛችሁ ያለው ነገር ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ሞተር የሚበላው ቤንዚን ብቻ አይደለም፤ አየርም ይበላል። ከፍ ባላችሁ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። በግምት በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ጉልበት ይጠፋል። ዝዋይ 1,640 ሜትር አካባቢ ናት። እዚያ 115 ያላችሁት ሞተር 96 ገደማ ነው። 40 ያላችሁት 33 ነው። ፍየል ገዝታችሁ ቤት ስትደርሱ ጠቦት ሆና እንደማግኘት ነው።

ብዙ ሰው ታዲያ መልሱ «ትልቅ ሞተር» ይመስለዋል። መጀመሪያ መነካት ያለበት ፕሮፔለሩ ነው። እያንዳንዱ ሞተር ነዳጁ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት መድረስ ያለበት የዙር መጠን አለው። ለምሳሌ ብዙዎቹ ባለ 40 ፎር ስትሮኮች በደቂቃ ከ5,000 እስከ 6,000 ዙር ነው። ዱባይ ላይ የተገጠመ ፕሮፔለር ለባሕር ጠረፍ አየር የተመረጠ ነው። ዝዋይ ስታመጡት ሞተሩ ያቃስታል፤ 4,600 ላይ ይቆማል። አፍንጫው ተሰቅሎ ውሃ እያረሰ ይሄዳል እንጂ ተነስቶ በውሃው ገጽ ላይ አይንሸራተትም። ነዳጅ ይጨርሳል። ባለቤቱ ሞተሩ የሞተ መስሎት ካንዴላ ይቀይራል፣ ካርቡራቶር ያስፈታል። መፍትሔው ግን ፒቹ ያነሰ ፕሮፔለር ነው። ፒች ማለት ፕሮፔለሩ አንዴ ሲዞር ጀልባውን በስሌት ስንት ኢንች ወደፊት እንደሚገፋ የሚነግር ቁጥር ነው፤ የመኪናን ማርሽ አስቡት። ፒቹ በ1 ኢንች ሲቀንስ ዙሩ ከ150 እስከ 200 ይጨምራል። በእኛ ሐይቆች ከፍታ ብዙውን ጊዜ በ2 ኢንች መውረድ ያስፈልጋል። የጠፋው ጉልበት በዚህ አይመለስም። የቀረው ግን በትክክል ይሠራል። ካርቡራቶር ያለው ሞተር ከሆነ ደግሞ ጂግለሩም (ቤንዚን የምታሳልፈው ባለ ቀዳዳ ቁራጭ) ለከፍታው መቀየር አለበት፤ አለዚያ ጭስ በጭስ ይሆናል። በኮምፒውተር ነዳጅ የሚረጨው ራሱ ያስተካክላል።

ትልቅ ሞተር ለደኅንነት ይሻላል የሚለው እንግዲህ ግማሽ እውነት ነው። ነፋስ ሲነሳ ቶሎ ወደ ዳር መድረስ ጥሩ ነው። ግን እያንዳንዱ ጀልባ ሰሌዳው ላይ የተጻፈ የፈረስ ጉልበት ጣሪያ አለው። ከዚያ ስታልፉ ኋላው ይከብዳል፣ ውሃ በኋላ ይገባል፣ መጠምዘዣ ላይም ይገለበጣል። ደኅንነት የሚመጣው ለእያንዳንዱ ሰው ልኩ የሆነ ላይፍ ጃኬት በመልበስ ነው። ልበሱት ነው የምለው፣ ወንበር ሥር አስቀምጡት አላልኩም። ሁለተኛው ሞተሩን የምታጠፋዋ የእጅ ገመድ ናት። የሚነዳው ሰው እጁ ላይ ያስራት። ሦስተኛው ከ6 ሰዓት በፊት ወደ ዳር መመለስ ነው። ጉማሬ ዝዋይም ሐዋሳም ጫሞም አለ። ቄጠማ ዳር ጠዋትና ማታ ቀስ በሉ።

የዱባዩ ዋጋ እንዴት እንዳማለላችሁ ይገባኛል። ግን ያ ዋጋ እዚያ ነው። 20 ጫማ ኮንቴይነር ውስጡ 5.9 ሜትር ገደማ ነው፤ የበሩ ስፋት 2.34 ሜትር አካባቢ። የእናንተ ጀልባ 6 ሜትር ነው፤ ወርዱም ወደ 2.4 የሚጠጋ ይመስለኛል። 40 ጫማው ይረዝማል እንጂ አይሰፋም። ስለዚህ ወይ በጎን ተጋድሞ ይጫናል፣ ወይ ክፍት መድረክ ላይ፤ ሁለቱም ገንዘብ ነው። ቀጥሎ ጉምሩክ አለ። ቀረጡ የሚሰላው በገዛችሁበት ዋጋ ብቻ ሳይሆን ጭነቱና መድኑ ተጨምሮበት ነው። ከዚያ ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ፣ ሱር ታክስ 10 በመቶ፣ ለንግድ ከሆነ ደግሞ ቅድመ ግብር 3 በመቶ ይከተላሉ። ታክሱ አንዱ በሌላው ላይ ይደራረባል። የመዝናኛ ጀልባ በምድብ 8903፣ ጀልባው ኋላ ላይ የሚንጠለጠለው ሞተር ደግሞ ለብቻው በ8407.21 ነው የሚመደበው። እነዚህን ቁጥሮች ይዛችሁ ለጉምሩክ አስተላላፊ አሳዩ። ምን ያህል እንደምትከፍሉ በጽሑፍ ሳታገኙ ቀብድ እንዳትልኩ።

ያገለገለ የባሕር ሞተርም የራሱ በሽታ አለው። ውስጡ የሚዞረው ማቀዝቀዣ የባሕር ውሃ ነበር። በንጹሕ ውሃ ሳይታጠብ የቆየ ከሆነ የውሃ መንገዱ በጨው ይደፈናል። ከውጭ ቀለም ቀብተው ያበሩታል፤ ውስጡ ግን እንደ ዕድሜ ጠገብ የውሃ ቧንቧ ነው።

ላሜራውን በተመለከተ፣ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። 3 ሚሊ ሜትር የብረት ላሜራ በካሬ ሜትር 23.6 ኪሎ ይመዝናል። ያው ውፍረት ያለው አሉሚኒየም 8 ኪሎ ነው። ለ4.6 ሜትር ጀልባ 14 ካሬ ገደማ ላሜራ ይፈልጋል ብንል ብረቱ 330 ኪሎ፣ አሉሚኒየሙ 113 ኪሎ ይሆናል፤ ገና ወንበርና ማጠናከሪያ ሳይገባ። ሐይቅ ዳር ተበይደው ለዓመታት የሚሠሩ የብረት ጀልባዎች አሉ። እነሱ ግን ከውሃው አይወጡም። አይጎተቱም። በዚያ ላይ ብዙዎቹ ውሃ ሲገባባቸው የሚያንሳፍፍ ፎም የላቸውም፤ ቀጥ ብለው ነው የሚወርዱት። አሉሚኒየም የሚበይድ ጎበዝ ባለሙያ ከተማው ውስጥ አይጠፋም። ችግሩ ቆርቆሮው ነው። ለጀልባ የሚሆነው 5052 ወይም 5083 የሚባለው ዓይነት ነው። የመስኮትና የበር አሉሚኒየም አይሆንም። ዲዛይኑን ሳያውቅ በዓይኑ ለክቶ ለሚሠራም ነፍሳችሁን አትስጡ።

ታዲያ ምን እንግዛ? እኔ ብሆን የምገዛው ይህን ነው። ከ4.5 እስከ 4.8 ሜትር የሆነ፣ በፋብሪካ የተሠራ የአሉሚኒየም ጀልባ፤ ወርዱ 1.9 ሜትር አካባቢ፣ ሆዱ መካከለኛ ቪ፣ ወንበሮቹ ሥር ፎም ያለው። ሞተሩ ባለ 40 ፎር ስትሮክ። መሪው በጎን ወይም በእጀታ። ክብደቱን እንደገና እንደምር። ጀልባው 200፣ ሞተሩ 100፣ ነዳጁና ባትሪው 40፣ ወንበርና ገመድ 40፣ ዕቃው 80፣ ተጎታቹ 200። 660 ኪሎ። ለአውሮፓ የወጣ ራቭ ፎር ከሆነ ከፍታው ተቀንሶም በደንብ ይበቃል። መጽሐፋችሁ 680 የሚል ከሆነ ግን ከፍታው ሲቀነስ ወደ 520 ይወርዳልና አይበቃም፤ ዕቃውንና ነዳጁን መኪናው ውስጥ ብትጭኑ እንኳ ከጠርዙ ትንሽ ታልፋላችሁ። ያኔ አትጎትቱ። ስለዚህ ጉዳይ ወደ ታች እመለሳለሁ።

40ው ከየት መጣ ካላችሁ፣ ጀልባ ተነስቶ በውሃው ገጽ ላይ በደንብ እንዲሮጥ አንድ የፈረስ ጉልበት ከ18 እስከ 20 ኪሎ በላይ መሸከም የለበትም። ውሃው ላይ ተጎታቹ የለም፤ እናንተ ግን አላችሁ። ጀልባው፣ ሞተሩ፣ ነዳጁ፣ ሦስት ሰውና ዕቃ ወደ 650 ኪሎ ይሆናል። ዝዋይ ላይ ያለው 33 የፈረስ ጉልበት ያን ሲካፈለው 20 ኪሎ ገደማ ይደርሰዋል። ልክ ጠርዙ ላይ ነው። ባለ 25 ብትገዙ 21 ትሆናለች፤ ትሄዳለች፣ ግን ነፋስ ሲነሳ ስትጎተቱ ትመሻላችሁ። ባለ 60 አያስፈልግም፤ ብዙ የዚህ መጠን ጀልባዎች ሰሌዳም አይፈቅደውም። ቱ ስትሮኩ ቀለል ያለና ለመጠገንም የሚቀል ነው፤ ነዳጅ ግን ይጠጣል። ያሰባችሁበት ሐይቅ ላይ የሚሠሩት ባለ ጀልባዎች የሚጠቀሙትን ብራንድ ግዙ። ብዙውን ጊዜ ያማሃ ነው። ሶማሌ ተራ ለመኪና የማይገኝ ነገር የለም፤ የጀልባ ሞተር ኢምፔለር (ማቀዝቀዣ ውሃ የሚስበው የጎማ መዘውር) ፍለጋ ስትዞሩ ግን ሰው ግራ ተጋብቶ ያያችኋል። ከሞተሩ ጋር ሁለት ኢምፔለር፣ ካንዴላዎች፣ የዘይትና የነዳጅ ማጣሪያ፣ አንድ ትርፍ ፕሮፔለር አብራችሁ እዘዙ። የሞተሩ እግር ርዝመትም ከጀልባው የኋላ ግድግዳ ከፍታ ጋር ይግጠም። አጭር እግር ረጅም ግድግዳ ላይ ከገጠማችሁ ፕሮፔለሩ አየር ነው የሚመታው።

ከበጀታችሁ ከአምስት እጅ አንዱን ከጀልባውና ከሞተሩ ውጪ ያዙ። ላይፍ ጃኬት፣ ፕሮፔለር፣ የተጎታች ጎማ፣ ኩሽኔታ፣ ሰሌዳ ሁሉም ከዚያ ነው የሚወጣው። ሙሉውን ጀልባ ላይ የጨረሰ ሰው ጀልባውን በሸራ ሸፍኖ ሲያየው ይከርማል።

ያገለገለ ከሆነ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ሞተሩን በእጃችሁ ዳስሱ። ትኩስ ከሆነ ሻጩ ቀድሞ አስነስቶታል። ሂዱና ሌላ ቀን ኑ፤ ቀዝቃዛ ሆኖ ሲነሳ ነው እውነቱን የሚናገረው። የታችኛውን የማርሽ ዘይት ጥቂት አፍስሱ። ወተት የመሰለ ከሆነ ውሃ ገብቷል። የኋላ ግድግዳውን በጎማ መዶሻ አንኳኩ። ጠንካራው «ቋ» ይላል፣ የበሰበሰው «ዱፍ»። ሞተሩን ዘንበል አድርጋችሁ እግሩን ወደ ታች ተጫኑ፤ ግድግዳው አብሮ ከተለጠጠ ትታችሁ ውጡ። የጭነት መኪና ሚዛን ላይም አውጡት። ከሚገባው በብዙ ከከበደ ፎሙ ውሃ ጠጥቷል። በርሜል ውሃ ውስጥ ሞተር አስነስቶ ማሳየት እዚህ የተለመደ ነው። መነሳቱን ብቻ ነው የሚያሳየው፤ ጉልበቱን አይነግራችሁም።

የሲሊንደር ግፊት መለካትን በተመለከተ አንድ ነገር ልናገር፤ እኔ ራሴ ተሸውጄበታለሁ። ሥራ ስጀምር አንድ ደንበኛ ሞተር አምጥቶ ለካሁት። መጽሐፉ 180 ይላል፤ ጌጁ 135 ያነባል። «የፒስተኑ ፋሻ አልቋል» ብዬ አሰናበትኩት። ሞተሩ ምንም አልነበረውም። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ በሩብ ያህል ያነሰ ነው፤ ጌጁም በዚያው ልክ አንሶ ያነባል። እዚህ ስትለኩ ቁጥሩን ከመጽሐፉ ጋር አታወዳድሩ። ሲሊንደሮቹን እርስ በርስ አወዳድሩ። በመካከላቸው ከ10 እስከ 15 በመቶ በላይ ልዩነት ካለ ነው ችግር ያለው። ያ ሰውዬ ዛሬም ሲያገኘኝ «ፋሻው እንዴት ነው?» ይለኛል።

ተጎታቹን ሰው ይንቀዋል። መንገድ ላይ የሚያስቀረው ግን ብዙውን ጊዜ እሱ ነው። ከ160 ኪሎ ሜትር ጉዞ በኋላ ኩሽኔታው ግሏል። ወዲያው ውሃ ውስጥ ስታስገቡት ድንገት ይቀዘቅዛል፣ ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል፣ ግሪሱን ያጥበዋል። በሦስተኛው ጉዞ መቂ አካባቢ ጎማው ጥሏችሁ ሲሄድ ታያላችሁ። ስትደርሱ ሻይ ጠጡ፣ ግማሽ ሰዓት ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ አስገቡ። ከጠቅላላው ክብደት ከ7 እስከ 10 በመቶው መጎተቻው ላይ ይረፍ። ኋላው ከከበደ ተጎታቹ ፈጣን መንገዱ ላይ ጭራውን መቁላት ይጀምራል። ፍሬን ያለው ተጎታች ግዙ፤ ሕግ ባያስገድዳችሁ እንኳ። ሰሌዳውም ለብቻው የተሳቢ ሰሌዳ ነው።

ከአንዱ ሐይቅ ወደ ሌላው ስትሄዱ ጀልባውን፣ ተጎታቹንና መረቡን አጥባችሁ አድርቁ። እምቦጭ ጣናን ምን እንዳደረገው አይታችኋል። ቆቃ ላይ አለ፣ ዝዋይና አባያም ደርሷል። ከተጎታች ጋር የተጣበቀች ቅንጣት ሌላ ሐይቅ ላይ ትበቅላለች። ለእናንተም አይበጅም፤ የሞተሩን የውሃ መሳቢያ ደፍኖ ያግለዋል። የላንጋኖና የአባያ ደለልም ኢምፔለር ስለሚበላ በየዓመቱ ቀይሩት። ማጥመድ ራሱ ፈቃድ ይፈልጋል፤ የዓሣ ሀብት አዋጁ ቁጥር 315/1995 ነው፣ ፈቃዱን የምትጠይቁት ክልሉን ነው። የጀልባውን ምዝገባ ደግሞ የኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣንን ጠይቁ። ጫሞ ላይ የነጭ ሳር ፓርክ ክልል ውስጥ ከገባችሁ የፓርኩም ፈቃድ አለ። ቤንዚን በጀሪካን መግዛት እንደማይቀልም ታውቃላችሁ። ተንቀሳቃሽ ታንኩን መኪናው ላይ ጭናችሁ ከመሄዳችሁ በፊት የማደያውን ሰው አነጋግሩ።

ማደሪያው ጋ ልመለስ። 4.6 ሜትር ጀልባ ተጎታቹ ላይ ሆኖ፣ የፊት መጎተቻውና የኋላ ሞተሩ ተጨምሮ፣ 6 ሜትር ያልፋል። ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ያ የሁለት መኪና ቦታ ነው። ኮሚቴው ለአንድ ሳምንት ዝም ይላችኋል። በሁለተኛው ስብሰባ አጀንዳ ትሆናላችሁ። ሕፃናቱ ላዩ ላይ ሲጫወቱ አንዱ ቢወድቅስ? መሐል ከተማ ጥበቃ ያለው ቦታ ብትከራዩ ደግሞ የዓመቱ ኪራይ ሞተር ይገዛል።

ስለዚህ ጀልባውን ሰንጋ ተራ አታምጡት። ዝዋይ ወይም ላንጋኖ ዳር ጥበቃ ያለው ሎጅ ወይም ግቢ ፈልጉና በወር ተከራዩ፤ ጥላ ያለው ይሁን። ውል ጻፉ፤ ሞተሩን የሚነካ ሰው እንደሌለ ውሉ ላይ ይግባ። ባለ 40ውን በየጊዜው አውርዳችሁ ቤት አታመጡትም፤ 100 ኪሎ ነው። በሰንሰለትና በቁልፍ እሰሩት፣ ባትሪውንና ፕሮፔለሩን ግን ይዛችሁ ተመለሱ። ፕሮፔለር የሌለው ሞተር አያጓጓም። አርባ ምንጭ በምትሄዱበት ሳምንት ፒክአፕ ከነሹፌሩ ተከራዩ። በዓመት አንዴ ነው፤ መኪና ከመቀየር ይረክሳል። ራቭ ፎሩ እናንተንና በረዶ ሣጥኑን ይውሰድ።

ጀልባው በእጃችሁ ሲገባ በቀጥታ ዝዋይ አትውሰዱት። ቢሾፍቱ 45 ኪሎ ሜትር ነው። ባቦጋያ ሐይቅ ዳር ካሉት ባለቤቶች ጋር ተነጋግራችሁ አንድ ጠዋት ፈትኑት። ሦስታችሁም ተሳፈሩ፣ ታንኩን ሙሉ፣ ዕቃውን ጫኑ። ነዳጁን ሙሉ ክፈቱና የዙር ቆጣሪውን አንብቡ። እዚያ ከፍታው 1,870 ሜትር ገደማ ነው፤ ከዝዋይ ትንሽ ይከብደዋል። 5,200 ካሳያችሁ ፕሮፔለሩ ልክ ነው። ከ5,000 በታች ከሆነ ቁጥሩንና ፕሮፔለሩ ላይ የተቀረጸውን ፒች ጽፋችሁ ላኩልኝ።